የጋቢናው ወንበር ክብደት

ላይል ኖፍዚገር በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ባዶ እጁን ግን አይወጣም። አንድ ቀን የመኪናውን የሲጋራ መተርኮሻ፣ አንድ ቀን የፀሐይ መከላከያውን፣ አንድ ቀን ደግሞ ክላክሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ በውስጥ ሱሪው መታጠቢያ ቤቱ መሃል ይቆማል። ቁጥሩን ያነባል፤ ይወርዳል፤ ዕቃውን መሬት አስቀምጦ ብቻውን እንደገና ይወጣል፤ ከፊተኛው የኋለኛውን ይቀንሳል። የቀረው የዕቃው ክብደት ነው። ዕቃው ተፈትቶ መኪናው አሁንም የሚነሣ ከሆነ፣ ያ ዕቃ ወደ መኪናው አይመለስም።

ሚዛኑ የሚስቱ የዶሪን ነው፤ የገዛችውም ለሌላ ጉዳይ ነበር። ላይል በሰባት ዓመት ውስጥ ከመኪናው ላይ ሁለት መቶ ፓውንድ ገደማ አውርዷል፤ በዚያው ጊዜ ራሱ ላይ አርባ ጨምሯል። ሚዛኑ ሁለቱንም በየጠዋቱ ይነግረዋል፤ እሱ የሚሰማው ግን የዕቃውን ብቻ ነው። ዶሪን ይህን ነገር ያነሣችበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥርሷን እየቦረሸች በሩ ላይ ቆማ።

«ክላክሱን ከምትፈታ ሆድህን ብትፈታው አይቀልህም?»

ላይል ጥያቄውን በቁም ነገር ወሰደው። የሹፌር ክብደት ወደ ኋላ ጎማዎቹ ስለሚያጋድል ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ እንደሚረዳ፣ ስለዚህም ሹፌር ከጭነት እንደማይቆጠር አስረዳት። ዶሪን ተጉመጥሙጣ ወጣች።

ላይል በሙያውም ሚዛን ሠራተኛ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ፣ ከበቆሎው በላይ የሚታይ ነገር ቢኖር የእህል ጎተራውና የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ብቻ በሆነበት ወረዳ፣ የገበሬዎቹ ካሚዮኖች ጭነው ሲገቡ ይመዝናል፤ አራግፈው ሲወጡ ይመዝናል፤ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲያደርግ የኖረ ሰው በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ጭነት ብሎና ያለ ጭነት የቀረው ብሎ ለሁለት ቢከፍለው አያስደንቅም። በምሳ ሰዓት ካሚዮን ሳይኖር ቀዩን መኪናውን፣ ሙስታንጉን፣ ሚዛኑ ላይ ያቆመዋል። የካሚዮን ሚዛን ግን ጥቃቅኑን አያነብም። መተርኮሻና ክላክስ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ዕጣ የሆኑት ለዚህ ነው።

ሙስታንጉ በፈረንጆቹ 1989 አዲስ ሳለ የተገዛ ነው። በተገዛ በሁለተኛው ሳምንት ላይል ከባርሎ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የድራግ ሜዳ ይዞት ሄደ። ሜዳው በበቆሎ መሃል የተዘረጋ ሩብ ማይል አስፋልት ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው መብራት ሲበራ ይነሣሉ፤ መጨረሻው ላይ ካለችው ትንሽ ጎጆ እያንዳንዱ ሹፌር የሮጠበት ጊዜ የታተመበት ወረቀት ይቀበላል። የዚያን ቀን ወረቀቱ ወደ አሥራ አምስት ሰከንድ የሚጠጋ ቁጥር ነበረበት። ላይል ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ ይህ መኪና አሥራ ሦስት ቤት፣ ከአሥራ አራት ሰከንድ በታች፣ ይገባል አለ፤ ሳንቲም ሳላወጣበት።

ሌላው ሰው ወደ አሥራ ሦስት ቤት የሚገባበት መንገድ የታወቀ ነው። ከካታሎግ ያዝዛል፤ ፖስተኛው ያመጣለታል፤ ይገጥመዋል። ላይል ይህን ፍጥነት ብሎ አይጠራውም፤ ግዢ ነው የሚለው። የተገዛ ፍጥነት የሻጩ እንጂ የሹፌሩ አይደለም ብሎ ያምናል፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። ስለ መኪናው ሲያወራ፣ ወሬው የትም ዞሮ የት፣ መዝጊያው አንድ ነው፤ «ሳንቲም ሳላወጣ»።

መጀመሪያ የወጡት ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ ናቸው። ቀጥሎ የኋላው ወንበር ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከፊልትሮው በፊት የሞተሩን ጉርምርምታ ለማፈን የተገጠመ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር፤ ላይል ጎትቶ ጣለው። አንድ ዳዶ አላልቶ ዲስትሪቢተሩን በጥቂቱ አዞረና ሞተሩ ከወትሮው ቀደም ብሎ እንዲተኩስ አደረገ። መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን የፊት ብረት አወጣ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንከን የለውም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው ኩርባ ላይ ግን ዶሪን የበሩን እጀታ ጨብጣ ጸሎቷን ከሰው ሁሉ ቀድማ ትጀምር ነበር። ነዳጅ ጭነት ስለሆነ ላይል ሰልባትዮውን ሞልቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ በመልስ መንገድ ላይ አልቆበት ጎረቤቱ ኤመት ግሪዘር ጀሪካን ይዞ ደርሶለታል። ለጀሪካኑ ቤንዚን ኤመት ሒሳብ አልጠየቀም። እንግዲህ ያም በነፃ ነበር።

በረዶው ደግሞ አለ። የቀዘቀዘ ሞተር የተሻለ ይስባል። ስለዚህ ላይል በሩጫና በሩጫ መሃል ኮፈኑን ከፍቶ አየር የሚገባበት ብረት ላይ በረዶ ይከምራል። የቤቱ በረዶ ሲያልቅ የታሸገ አተር፣ አተሩ ሲያልቅ ኤመት አድኖ የሰጣቸውን የአጋዘን ሥጋ ከነፌስታሉ አስተኝቶበታል። የዚያን ዕለት እራት ላይ ዶሪን ሥጋውን አሽትታ፣ አጋዘኑ ሳይመታ በፊት ነዳጅ ማደያ ይሠራ ነበር ወይ ስትል ጠየቀች። ላይል ከሩጫው የቀነሰውን ጊዜ ነገራት።

የጋቢናው ወንበር ተራ የደረሰው በግንቦት ነበር። ከዚያ በፊት ለስድስት በጋ ዶሪን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ሜዳው ትሄድ ነበር። መንገዱ ረጅም አይደለም። ግን ዶሪን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስለምትነዳ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ ላይል በመከር ወራት ሲመለስ እሷ ተኝታለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያወሩበት ጊዜ ቢኖር የቅዳሜው መንገድ ነው። ይልቁንም እሷ ታወራለች፤ እሱ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ «እ» ይላል።

ላይል ወንበሩን በክላክሱ ወግ አቅፎ መዘነው፤ አርባ ሁለት ፓውንድ ሆነ። አንዱ ቡሎን ዝጎ ስለነበር ሲፈታ ተሰበረ፤ ላይል ይህንንም እንደ ተጨማሪ ቅናሽ ቆጠረው። ዶሪን ከሥራ ስትመለስ ወንበሯን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት አገኘችው።

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

«ቢዩክ አለሽ አይደል?»

ቢዩክ ነበራት። እንደ ጀልባ የሰፋ፣ የእንጨት መልክ ቅብ ጎኑ ላይ የተለጠፈበት የቤተሰብ መኪና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት መኪና መሄድ ጀመሩ። ላይል ጎማ ቢተነፍስበት ስኮርታ ያስፈልገዋልና፣ ስኮርታው ዶሪን መኪና ላይ ይጫናል። ክሪኩም፣ የመፍቻ ሣጥኑም፣ የበረዶው ሣጥንም፣ ተጣጣፊ ወንበሮቹም እንደዚሁ። ሙስታንጉ በሰባት ዓመት ያራገፈው ጭነት ግማሹ በቢዩኩ ኋላ ተከትሎት ይሄድ ነበር። ላይል አንዳንዴ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ የዶሪን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ከሬዲዮው ጋር የምትዘፍን ይመስለው ነበር።

ስለ ወንበሩ ከዚያ በኋላ አላነሣችም። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣበት ዜና ታያለች፤ ሲደክማት ጎኑ ያለውን እጀታ ስባ ወደ ኋላ ታጋድመዋለች። ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሰው የት እንደሚቀመጥ ግራ ሲገባው፣ «በረንዳ ላይ የኋላ ወንበር አለ» ትለዋለች።

የዘንድሮው የመጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሜዳው እስከ ሚያዝያ ይዘጋል። የላይል ምርጥ ጊዜ እስከዚያን ዕለት ጠዋት ድረስ 14.10 ነበር። ከመኪናው የሚወጣ ነገር ደግሞ አልቆ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ይዞት የወጣው የበር መስኮት ማዞሪያ ነው። ዛሬ ካልተሳካ ክረምቱን ሙሉ ሚዛኑ ላይ ይዞ የሚወጣው ነገር አይኖረውም።

ኤመት ግሪዘር ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው በር ላይ መኪና ፈታሽ ነው። ሙስታንጉን አሳልፎ ቢዩኩ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«እሜቴ ዶሪን፣ ዛሬ ሴት አሽከርካሪ የምትወዳደረው በነፃ ነው። ተመልካች ግን ይከፍላል።»

«እና ምን ልሁንልህ?»

«ተወዳደሪያ። ከነጓዝሽ ግቢ።»

ዶሪን የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ወደ ፊት አየች። ላይል ከሙስታንጉ ወርዶ ይሰማ ነበር። ሊል የሚችለው ብዙ ነገር ነበረው፤ ነገር ግን ኤመት በሰባት ዓመት ውስጥ ላይል እምቢ ብሎት የማያውቀውን ቃል ተናግሯል።

«በነፃ ከሆነ ምን ይጎዳል» አለ ላይል።

እዚያ ሜዳ ላይ ቅዳሜ የሚደረገው ውድድር ፈጣኑን አይሸልምም። እያንዳንዱ ሹፌር መኪናው በስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ በነጭ የጫማ ቀለም መስኮቱ ላይ ይጽፋል። ዝግተኛው በሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ያህል ቀድሞ ይለቀቃል፤ ፈጣኑ ቆሞ ይጠብቅና ያሳድዳል። ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፤ ከጻፉት ቁጥር በታች መሮጥ። ከተናገረው የፈጠነ ሰው እንደዋሸ ይቆጠርና ይሸነፋል። ስለዚህ በጎበዞቹ ዘንድ ጥበቡ መፍጠን ሳይሆን ያሉትን መሆን ነው። መቅደማቸው ከታያቸው መጨረሻው ላይ ፍሬን ነካ ያደርጋሉ።

ላይል ይህን ሕግ ይንቃል፤ የሚመዘገበው ሩጫ ለማግኘት ብቻ ነበር። በሰባት ዓመት ከሁለተኛው ዙር አልፎ አያውቅም። በዙርና በዙር መሃል አንድ ነገር ይፈታል፤ መኪናው ይቀልላል፤ ከጻፈው በታች ይሮጣል፤ ይሸነፋል፤ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ዶሪን ጠዋት አንድ የሙከራ ሩጫ ሮጠች። ወረቀቱ 18.60 አለ። እሷም 18.60 ብላ ጻፈች፤ በልጆች ደብተር ላይ እንደሚጻፍ ክብ ክብ ባለ ቁጥር። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳለ ነበር፤ ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ የመፍቻ ሣጥኑ፣ ዓርብ የተገዛው የውሻ ምግብ ከረጢት ሳይቀር። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መንገድ ላይ አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት፤ በዚያ መንገድ ያሉ እናቶች የግድግዳ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በእሷ ነው። በመጀመሪያው ዙር 18.61 ሮጠች። በሁለተኛው 18.60። የሚያሳድዳት ሁሉ ወይ ሳይደርስባት ይቀራል፣ ወይ ደርሶባት ለመቅደም ሲል ከቁጥሩ በታች ይሮጣል። መኪናዎቻቸው በካታሎግ ዕቃ የተሞሉ ሰዎች የውሻ ምግብ ከረጢት እያዩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የሚገርመው ላይልም 14.10 ብሎ ጽፎ አለፈ። የሚፈታ ነገር ስላልነበረው መኪናው በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በየዙሩ አንድ ዓይነት ሮጠ፤ 14.12፣ 14.11፣ 14.13። ከሰዓት በኋላ ሁለት መኪናዎች ብቻ ቀሩ። ማማው ላይ የተቀመጠው ተናጋሪ ድምፁን ጠራረገ።

«እንግዲህ ፍጻሜው የቤት ጉዳይ ሆኗል» አለ። «አቶና ወይዘሮ ኖፍዚገር። የጎረቤት ሰው ጣልቃ እንዳይገባ።»

በዚያ ሰዓት ሰማዩ ደፍርሶ ከሰሜን ቀዝቃዛ ነፋስ መንፈስ ጀምሮ ነበር። ሹፌሮች እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ላይል ግን ኮቱን አውልቆ ነፋሱን በጉንጩ ለካው። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፤ ሞተር ይወደዋል። ይህን አየር በጋውን ሙሉ ሲጠብቀው ነበር። ከቢዩኩ የበረዶውን ሣጥን አውርዶ በውስጡ ያለውን በረዶ ሁሉ ሞተሩ ላይ ዘረገፈ። የመስታወት ማጠቢያውን ውኃ አፈሰሰ። ኪሱን አራግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሁሉንም ይዞ ወደ ዶሪን መስኮት ሄደ።

«ያዥልኝ።»

«አልይዝም።»

«ጫማ እኮ ነው።»

«ቁጥሬን ጽፌያለሁ» አለች ዶሪን። «ካሁን በኋላ እዚህ መኪና ውስጥ ዕቃ አይገባም። የበረዶ ሣጥኑንም ክብደቱ እንዳይጎድል ውኃ ሞልተህ ቦታው መልሰው።»

ላይል ሚስቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያት ሰው አያት። ሣጥኑን ውኃ ሞልቶ መለሰ፤ ጫማውን ሣር ላይ አኖረ። ኤመት ተከትሎት መጥቶ ነበር።

«ላይል፣ ስማኝ። ነፋሱ ዞሯል፤ ያን ሁሉ በረዶ ጭነህበታል። ይሄ መኪና ከጻፍከው በታች ነው የሚሮጠው። አጥፋውና 13.90 ብለህ ጻፍ።»

«ያልሮጥኩትን አልጽፍም።»

«ያልሮጥከውን እንድትጽፍ እኮ ነው ቀለሙ የተሰጠህ።»

«አልጽፍም አልኩህ። ሰባት ዓመት ስመዝን የኖርኩት ለግምት አይደለም።»

«እንግዲያስ ስታልፋት ፍሬን ንካ። በትንሹ። ዋንጫው ያንተ ነው፤ ማንም አያፍርብህም።»

ዶሪን በመስኮቷ ይህን ሁሉ ሰምታለች።

«ላይል።»

«እ።»

«ካሸነፍኩህ ወንበሬ ይመለሳል።»

ላይል በካልሲው እንደቆመ አርባ ሁለቱን ፓውንድ በሐሳቡ አነሣው። «ካላሸነፍሽስ?»

«ሁለተኛ አላነሣውም። ሳሎን ውስጥ እስክሞት እጋደምበታለሁ። ኤመት ምስክር ነው።»

«ይሁን» አለ ላይል።

ጎን ለጎን ቆሙ። የዶሪን መብራት ቀድሞ በራ፤ ቢዩኩ ከፌርማታ እንደሚነሣ አውቶቡስ ሳይንገጫገጭ ተንቀሳቀሰ። ላይል አራት ሰከንድ ተኩል መጠበቅ ነበረበት። እስከ ዛሬ ተከትላው ስትሄድ እንጂ ቀድማው ስትሄድ አይቶ አያውቅም። የኋላ መስታወቷ ውስጥ የውሻው ከረጢት ይታያል፤ ከከረጢቱ በላይ ጭንቅላቷ፣ አጠገቡ ደግሞ ማንም ያልተቀመጠበት የጋቢና ወንበር። እየራቀች ሄደች። ከዚያ የእሱ መብራት በራ።

መኪናው እንደ ወትሮው አልነበረም። ከመጀመሪያው ማርሽ ጀምሮ ላይል ያውቀው ነበር፤ ሞተሩ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ ሳበ። ሁለተኛውን ማርሽ አስገባ፤ ሦስተኛውን አስገባ፤ የቢዩኩ የእንጨት መልክ ጎን በቀኙ እየቀረበ መጣ። ሩብ ማይሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሙስታንጉ አፍንጫውን አሳለፈ። ኤመት የተናገረው ቦታ ይህ ነበር። ፍሬኑን ነካ ቢያደርገው ውድድሩን አሸንፏል፤ ወንበሩም ሳሎን ይቀራል። ነገር ግን እግሩ ከነዳጁ ላይ ከተነሣ አሥራ ሦስት ቤት አይገባም፤ ይህን የመሰለ ነፋስ ደግሞ እስከ ሚያዝያ የለም። ላይል በካልሲው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠ።

ጎጆዋ ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ወረቀቱን ስትሰጠው «ፈጠንክ» አለችው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ለተሸነፈ ሰው የሚባለው እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ 13.97 ተጽፏል። ከሱ ጎን ያለው መሥመር የዶሪን ነው፤ 18.61።

በመመለሻው መንገድ ቀስ እያለ ነዳ። ዶሪን ከኤመት ጋር ቆማ ትጠብቀው ነበር፤ ወርቅ የተቀባች ትንሽ የፕላስቲክ ዋንጫ በብብቷ ይዛለች። ላይል ወርዶ ወረቀቱን ሰጣት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«አሥራ ሦስት ቤት ገባህ» አለች።

«ገባሁ።»

«ሰባት ዓመት» አለችና እጁን ጨመቀችው። ከልቧ ነበር፤ ላይልም ከልቧ መሆኑን አየ። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «ወንበሬስ?»

«ነገ።»

ዕቃውን ለመሰብሰብ ወደ ቢዩኩ ሄደ። የበረዶውን ሣጥን ውኃ ሊያፈስ ሲያነሣው ከሥሩ የተጣጠፉ ፌስታሎች አገኘ። ዶሪን ማንኛውንም ነገር እንደምታጥፈው በአራት ታጥፈዋል። አንዱን ዘረጋው። ነጭ ድብ የታተመበት፣ ከነዳጅ ማደያው የሚሸጥ የበረዶ ፌስታል ነበር። ከሥሩ ሌላ አለ፤ ከሥሩም ሌላ፤ የበጋው ቅዳሜዎች ያህል ናቸው። ላይል ያን ጊዜ፣ የአጋዘኑ ሥጋ ከቀለጠ ወዲህ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ አይቶ እንደማያውቅ አስታወሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑ ሞልቶ ያገኘዋል፤ ከየት እንደሞላ ጠይቆ አያውቅም።

ፌስታሉን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ይዞት ሚዛን ላይ ቢወጣ ቁጥሩ አይጨምርም።

«ምን ሆንክ?» አለችው ዶሪን ከወዲያ።

«ምንም።»

በአራት አጥፎ ቦታው መለሰው፤ ሣጥኑን ከላይ አስቀመጠበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ተሰበሰቡ። ላይል ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ አሳየ። ስለ ነፋሱ ነገራቸው፤ ስለ ዲስትሪቢተሩ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ሦስተኛው ማርሽ ነገራቸው። ሰዎቹ ወሬው በምን እንደሚዘጋ ስለሚያውቁ አንዳንዶቹ የመኪና ቁልፋቸውን አውጥተው ይጠብቁ ነበር። ላይል ግን መዝጊያውን ሳይል ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ኤመት ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየው። ዶሪንም አየችው።

ከምሳ በኋላ ወንበሩን ከሳሎን ተሸክሞ አወጣው። ሦስቱ ቡሎኖች በቡና ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ አስገብቶ አጠበቃቸው። አራተኛው ቀዳዳ ባዶውን ቀረ። ዶሪን ከነወጥ ቤት ሽርጧ መጥታ ተቀመጠች፤ ወደ ግራ ተደገፈች፤ ወደ ቀኝ ተደገፈች።

«ይነቃነቃል።»

«ሦስቱ ይይዙታል። ሦስት ሲሆን ደግሞ...» አለ ላይል፤ የቀረውን ሳይጨርስ ተወው። ባዶውን ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጣቱን አስገብቶ ስፋቱን ለካ።

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ ወደ ብረታ ብረት ሱቁ ሄዶ አንድ ቡሎን ገዛ፤ ቤት ሲደርስም ሳይመዝነው ገጠመው።